የልዑክ ሚስትነት ምን ዓይነት ሥራ ነበር? ካሮሊነ ፎን ሁምቦልት እንደ ማሳያ

የስምንት ልጆቿ የትውልድ ከተሞች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ኤርፈርት፣ ዬና፣ ዬና፣ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ፓሪስ፣ ሮም፣ ሮም። የመጀመሪያዋ ልጅ በ1792 ተወለደች፤ የመጨረሻው በ1809 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። ይህን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው፣ እናትየው በ17 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ቤት ነቅላ ስንት ጊዜ እንደገና እንደተከለች መገመት አያቅተውም።

ካሮሊነ ፎን ሁምቦልት ብዙውን ጊዜ የምትነሳው የቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ባለቤት በመሆኗ ነው። እሱ የቋንቋ ሊቅ፣ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ መሥራችና በርሊንን ዋና ከተማው ያደረገው የጀርመን መንግሥት፣ የፕሩሲያ፣ ንጉሥ ልዑክ ነበር፤ ወንድሙ አሌክሳንደር ደግሞ በዘመኑ ከነበሩት ተጓዥ ሳይንቲስቶች ስሙ የገነነ ነው። በሁለቱ መሐል የቆመች ሴት ብትሸፈን አይገርምም። እዚህ የምናየው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መባቻ አንዲት ጀርመናዊት ወይዘሮ የልዑክ ሚስት ስትሆን በትክክል ምን ትሠራ ነበር? ሹመቱ የባል ነው፤ ደመወዙም በባል ስም ይወጣል። ቤቱን ልዑክ የሚኖርበት ቤት የምታደርገው ግን ሚስት ናት።

ካሮሊነ የተወለደችው የካቲት 23 ቀን 1766 ሚንደን ውስጥ ነው። አባቷ ካርል ፍሪድሪሽ ፎን ዳኸሬደን የፕሩሲያ ከፍተኛ ሹም ነበሩ። እናቷ ገና ልጅ ሳለች ሞቱባትና ያደገችው በኤርፈርት ከተማና በቤተሰቡ ርስት በቡርግኧርነር፣ ከአባቷ፣ ከወንድሟና ከቤት አስተማሪዋ ጋር ነው። ኤርፈርት ለኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም፤ ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ ግዕዝና አማርኛ የተማረው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው እዚያው ነው። በካሮሊነ ዘመን ከተማዋ ገና የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ ግዛት ነበረች፤ ጌታው ካቶሊክ፣ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት። እንግዲህ የሌላ እምነት ጌታ በሚገዛው ከተማ መኖርን ወደ ሮም ከመሄዷ በፊት ታውቀዋለች ማለት ነው።

ከቪልሄልም ጋር በ1788 ተዋወቁ፣ በ1789 መጨረሻ ተጫጩ፣ ሰኔ 29 ቀን 1791 ኤርፈርት ውስጥ ተጋቡ። አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። የዳኸሬደን ቤት የቱሪንጊያ ጥንታዊ ባላባት ሲሆን የሁምቦልት ቤት መኳንንትነቱ የተረጋገጠለት በ1738 ነው። በዚያ ዘመን ሚዛን ከፍ ካለ ቤት የመጣችው እሷ ናት። ሰው ዛሬ የሚያስበው በተቃራኒው ነው።

የመኳንንት ጋብቻ ከሠርጉ በፊት በጽሑፍ ውል ይታሰር ነበር፤ የልዑክን ቤት ኑሮ ለመረዳት ከዚህ ውል መጀመር ይሻላል። የተለመደው ውል አራት ዓይነት ሀብት ይለያል። መጀመሪያ ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ይዛ የምትመጣው ገንዘብ አለ። ባል ደግሞ ለዚያ አጸፋ የሚሆን ገንዘብ ወይም ገቢ ይመድባል። ሦስተኛው ከሠርጉ ሌሊት ማግስት ለሚስት የሚሰጠው «የማለዳ ስጦታ» ነው፤ ከኛ ጥሎሽ ጋር ይቀራረባል፣ ልዩነቱ የራሷ ሆኖ መቅረቱ ነው። አራተኛው ባል ቀድሞ ቢሞት መበለቲቱ እስክትሞት የምትኖርበት መተዳደሪያ ነው፤ ከተወሰነ ርስት ገቢ ላይ በየዓመቱ ይከፈላታል። ውሉ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ክፍያው በየትኛው ርስት ላይ እንደሚያርፍ ካልተጻፈና ካልተመዘገበ፣ መበለቲቱ ከዕዳ ጠያቂዎች ጋር እኩል ትሰለፋለች። ልዑክ ደግሞ ዕዳ የማያጣው ሰው ነው።

በ1794 የወጣው የፕሩሲያ አጠቃላይ ሕግ በግልጽ እንዳስቀመጠው የጋብቻው ራስ ባል ነው፤ በጋራ ጉዳይ የሱ ውሳኔ ይጸናል፤ ሚስት የባሏን ማዕረግ ትይዛለች፤ ያለ እሱ ፈቃድም ከሌላ ሰው ጋር ሙግት መግጠም አትችልም። ይኸው ሕግ ጤነኛ እናት ልጇን ራሷ እንድታጠባ ያስገድዳል፣ እስከ መቼ እንደምታጠባ የሚወስነው ግን አባት ነው ይላል። ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ የሁምቦልት ቤት የሚሄደው በሌላ መንገድ ነበር። ሁለቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱ ሌላውን አላስርም ብለው ተስማምተዋል፤ ካሮሊነም ለዓመታት ብቻዋን አገር እያቋረጠች ገንዘብ አውጥታለች፣ ቤት ተከራይታለች፣ ሐኪም መርጣለች። ሕግና ኑሮ እንዲህ የሚራራቁት ግን ባልየው ከፈቀደ ብቻ ነው። የማይፈቅድ ባል የገጠማት ወይዘሮ ሕጉን እንዳለ ትኖረዋለች።

ከ1797 እስከ 1801 ቤተሰቡ የኖረው ፓሪስ ነው። ቪልሄልም ያኔ ምንም ሹመት አልነበረውም፤ በራሳቸው ሀብት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም ፓሪስ ለካሮሊነ ትምህርት ቤት ሆናታለች፤ ጀርመን ተጓዦች፣ ሠዓሊዎችና ሊቃውንት ቤቷ ይሰበሰቡ ነበር። በ1799 መስከረም ላይ ሦስት ልጆች ይዘው ወደ ስፔን ወጡ፤ ትልቋ ሰባት ዓመቷ፣ ትንሹ ገና ሁለት ተኩል። በየቤተ መንግሥቱና በየገዳሙ ያሉትን ሥዕሎች እያየች ለጀርመናዊው ገጣሚ ለጎተ ዝርዝር መግለጫ ትጽፍለት ነበር፤ እሱ ስፔንን በዓይኑ አላያትም። የተመለሱት በሚያዝያ 1800 ነው፣ አደልሃይድ የተወለደችው ግንቦት 17። ወሩን ወደ ኋላ ለቆጠረ፣ ጉዞው ከሞላ ጎደል ከጥግ እስከ ጥግ የእርግዝና ጉዞ ነበር፤ ያውም በበቅሎና በሠረገላ፣ በዚያ ዘመን የስፔን መንገድ።

አሁን ወደ ማዕረግ እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። ዛሬ አምባሳደር የሚባለው ሁሉ በዚያ ዘመን አምባሳደር አልነበረም። ከላይ የንጉሡን አካል የሚወክለው አምባሳደር አለ፤ ከሱ በታች ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር፤ ከዚያ ሬዚደንት የሚባለው ነዋሪ ወኪል፤ መጨረሻ ላይ ጉዳይ ፈጻሚ። አምባሳደር የንጉሥ አምሳል ስለሆነ ሚስቱም ክብሩን ትካፈላለች፤ በፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በቬርሳይ በንግሥቲቱ ፊት መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ እንድትቀመጥ ይፈቀድላት ነበር። በርጩማ ተራ ነገር ይመስላል፤ ቆመው ለሚያመሹት ወይዛዝርት ግን አልነበረም። የሬዚደንት ሚስት እንዲህ ያለ ነገር አያምራትም። ከእኩዮች መካከል ማን ይቅደም የሚለው ደግሞ በየንጉሡ ክብር ስለሚለካ ጠቡ ማብቂያ አልነበረውም፤ የማን ሠረገላ ይቅደም፣ ማን በየትኛው በር ይግባ፣ የማን ሚስት በማዕድ ከማን በላይ ትቀመጥ። ይህ የተቆረጠው በ1815 የአውሮፓ መንግሥታት በተሰበሰቡበት የቪየና ጉባኤ ነው፦ ልዑካን በሦስት መደብ ተከፈሉ፣ በአንድ መደብ ውስጥም መምጣቱን ቀድሞ በይፋ ያስታወቀ ይቀድማል ተባለ። ሬዚደንቶች በ1818 አኽን በተባለች የጀርመን ከተማ የራሳቸው መደብ ተሰጣቸው። በነገራችን ላይ በቪየናው ጉባኤ ከቻንስለር ሃርደንበርግ ጎን የፕሩሲያ ተወካይ ሆኖ የተቀመጠው ቪልሄልም ራሱ ነው።

በ1802 ቪልሄልም ሮም ተሾመ፤ ማዕረጉ ሬዚደንት። ፕሮቴስታንት ንጉሥ የካቶሊኮች ራስ በሆነው በሮም ፖፕ ዘንድ ሰው የሚያስቀምጠው ለምንድነው? ፕሩሲያ ሽሌዚያንና የፖላንድን ክፍል ከያዘች ወዲህ ብዙ ካቶሊክ ዜጎች ነበሯት። የሥጋ ዘመድ ሊያገባ የፈለገ ፈቃድ ከሮም ይጠይቃል፤ በአገሩ የካቶሊክ ጳጳስ ሲሾም የሮም ማጽደቂያ ያስፈልጋል። ሥራው በአመዛኙ ማመልከቻ ማስገባትና መከታተል ነው። በባል በኩል ሥራው ቀላል፣ ጊዜውም የተረፈ፤ ጥንታዊ ግሪክ ለሚተረጉም ሰው የተመቸ ሹመት ነበር። በሚስት በኩል ደግሞ የፖፑ ግቢ የካህናት ግቢ ነው፤ እንደ ቬርሳይ ንግሥት የምትቀበልበት አዳራሽ የለም። ስለዚህ ቦታ የሚገኘው ከግቢው ውጭ፣ በቤት ነው።

ቤቱ ከስፔን ደረጃዎች በላይ በግሬጎሪያና ጎዳና ላይ ያለው ቶማቲ የተባለው ሕንፃ ነበር። ልዑክ ከተቆረጠለት ደመወዝ የቤት ኪራይ፣ የሠረገላና የፈረስ፣ የአሽከር፣ የሻማና የግብዣ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ ደመወዝ ሲዘገይ እንግዳ አይዘገይም። ስለዚህ የሚስት ቤተሰብ ሀብት ለመንግሥት ሥራ የማይታይ ድጎማ ነበር ብንል አላጋነንም። ካሮሊነ ቤቷን ለሁሉም ከፍታ፣ በተለይ ለጀርመንና ለስካንዲኔቪያ አርቲስቶች። ዴንማርካዊው ቀራጺ ቶርቫልድሰን፣ በ1805 ሮም የደረሰው ቀራጺ ራውኽ፣ ሠዓሊው ጎትሊብ ሺክ የቤት ሰዎች ሆኑ። ሺክ እሷንም ሴት ልጆቿንም ሥሏል። ሥራ ታዛለች፣ ገዢ ታፈላልጋለች፣ ለበርሊን ትጽፍላቸዋለች። ይህን እንደ መልካም አስተናጋጅነት ብቻ ማየት ስህተት ነው፤ ኋላ በበርሊን አደባባዮች ሐውልት ያቆመው ራውኽ ሮም ውስጥ የተደገፈው በዚህ ቤት ነው። ፕሩሲያ ከነዚያ ዓመታት ያተረፈችው ከማመልከቻዎቹ ይልቅ ይህን ይመስለኛል።

ነሐሴ 1803። የሮም ሰው አቅም ካለው በነሐሴ ከተማ አይቀመጥም፤ በዙሪያው ካለው ረግረግ ወባ ይነሳል። ያኔ ትንኝ የሚጠረጥር የለም፤ «ክፉ አየር» ነው የሚሉት፣ የበሽታው የአውሮፓ ስምም ከዚያ የወጣ ነው። መድኃኒቱ ደጋ መውጣትና ኪኒን የሚገኝበት የኪና ዛፍ ቅርፊት ነው። ሁምቦልቶችም እንደ ሰዉ ከሮም ደቡብ ወዳለችው ኮረብታ፣ ወደ አሪቻ ወጡ። የዘጠኝ ዓመቱ ቪልሄልም፣ የበኩር ወንድ ልጃቸው፣ እዚያ ትኩሳት ያዘውና ነሐሴ 15 ሞተ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሃይማኖት ነው። ሮም ውስጥ ፕሮቴስታንት በካቶሊክ ቅዱስ መሬት አይቀበርም። ለእነሱ የተተወው በከተማው ቅጥር ሥር፣ ከሴስቲዩስ ፒራሚድ አጠገብ ያለው ሜዳ ነው፤ ቀብሩም በተለምዶ በሌሊት ነበር የሚፈጸመው። ልጁ እዚያ ተቀበረ። በ1807 ትንሹ ጉስታፍ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲሞት ከወንድሙ ጎን አረፈ። ካሮሊነ ሮምን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የምትናፍቀው ስለ ሥዕሉና ስለ ፀሐዩ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የበኩሩ ልጅ በሞተ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1804፣ ሁለተኛው ወንድ ልጅ ቴዎዶር እንዳይደገምባት ይዛው ወደ ጀርመን ወጣች፤ እርጉዝ ናት፣ ባል ሮም ቀርቷል፣ ምክንያቱም ልዑክ ያለ ፈቃድ ሹመቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ከዚያ ወደ ፓሪስ አመራች። ሐምሌ 2 ቀን 1804 ሉዊዘ ተወለደች፣ በጥቅምት ሞተች። በመካከሉ፣ በነሐሴ፣ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከአምስት ዓመት የአሜሪካ ጉዞ ተመልሶ ቦርዶ ወረደ፤ ሞቷል የሚል ወሬ ቀድሞት ነበር፤ ፓሪስ ላይ ከቤተሰቡ ወገን የተቀበለችው እሷ ናት። ወደ ሮም የተመለሰችው በ1805 ነው።

ይህ ሁሉ መራራቅ ደብዳቤ አስከተለ፤ ባልና ሚስቱ የተጻጻፉት ከ1906 እስከ 1916 በሰባት ጥራዝ ታትሟል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ፦ ያሳተመችው ከዘሮቻቸው አንዷ ናት፤ የቤተሰብ እጅ ያለፈበት ሥራ ነው። ሌላ እጅም አልፎበታል። በዚያ ዘመን የልዑክ ደብዳቤ በፖስታ ሲሄድ ይከፈታል፤ በዚህ ሥራ የሠለጠነችው ቪየና ናት፣ ካሮሊነም ከ1810 እስከ 1814 የኖረችባት ከተማ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለኤምባሲዎች የመጣው የፖስታ ከረጢት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ምስጢራዊው ክፍል ይገባል። ሠራተኛው የማኅተሙን ሰም በሻማ ነበልባል አልስልሶ ይከፍታል፤ ወረቀቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደታጠፉ ይመዘግባል፤ አለቃው ያነባል፣ የሚፈልገውን ክፍል ያመለክታል። ጊዜ ለመቆጠብ ረጅሙን ደብዳቤ አንዱ እያነበበ ብዙ ጸሐፊ ይገለብጠዋል። ከዚያ እንደነበረው ይታጠፍና በተቀረጸ የሐሰት ማኅተም ይታሸጋል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከረጢቱ ወደ ፖስታ ቤት ይመለሳል፤ ባለቤቱ የሚያየው ትንሽ የዘገየ ፖስታ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጪው ደብዳቤ በዚያው መንገድ ያልፋል። በቀን መቶ ያህል ደብዳቤ ይታይ እንደነበር ይነገራል።

ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። መከላከያው ደብዳቤን በተራ ቁጥር መላክ ነው፤ 14 ደርሶ 13 ካልደረሰ የሆነ ሰው ይዞታል። ዋናው ነገር በመንግሥት ፈረሰኛ ወይም በታመነ መንገደኛ ይላካል፤ በፖስታ የሚሄደው የልጅ ጥርስና የአየር ጠባይ ነው። የሚበላሸው ሰው ሲቸኩል ነው፤ መልእክተኛ ሲያጣ በፖስታ ይልክና በማግስቱ የጻፈው ነገር በሌላ አፍ ይሰማል። ለዚህ ነው የእነዚያን ዓመታት ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አንድ ገጽ በየትኛው መንገድ እንደተላከ ሳያውቅ ስለ ፖለቲካ የተባለውን ቃል በቃል መውሰድ የሌለበት።

ወደ 1808 እንመለስ። ፕሩሲያ በ1806 ዬና ላይ ተሸንፋለች፤ በርሊን አጠገብ ቴገል ያለው የሁምቦልት ቤት በፈረንሳይ ወታደሮች ተዘርፏል። በ1808 መጀመሪያ የናፖሊዮን ጦር ሮምን ያዘ። በጥቅምት ቪልሄልም ወደ ጀርመን ሄደ፤ በበርሊን የትምህርትን ዘርፍ እንዲመራ ተሾመ፣ ዩኒቨርሲቲውም የተመሠረተው ያኔ ነው። ካሮሊነ እርጉዝ ሆና ከልጆቹ ጋር ሮም ቀረች። ሚያዝያ 23 ቀን 1809 ሄርማንን ወለደች። በሐምሌ ፈረንሳዮች ፖፕ ፒዮስ 7ኛን አስረው ወሰዱ። ባልየው የተላከበት መንግሥት የለም፣ ባልየውም የለም፣ ቤቱ ግን ተከፍቷል፤ ከተማው ውስጥ ያለ ጀርመናዊ አርቲስት ማምሻው እዚያው ነው። ሮምን የለቀቀችው በ1810 መኸር፣ ባሏ ቪየና ሲሾም ነው።

ስለ እሷ የሚጻፈው ነገር ወደ ውዳሴ ስለሚያደላ ይህም ይጨመር። በወጣትነቷ ከበርሊን አይሁዳውያት ከሄንሪየተ ሄርትስና ከራኸል ሌቪን ጋር ተወዳጅታ ነበር። ከቪየና ዘመን ወዲህ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን በአይሁድ ላይ ጥላቻ ይነበባል፤ ያውም ባሏ በ1809 ለአይሁድ ሙሉ የዜግነት እኩልነት ይሰጥ ብሎ በጽሑፍ ከተከራከረ በኋላ፣ በቪየናውም ጉባኤ ያንኑ ሲገፋ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ አቋም ጎን ለጎን ኖሯል።

በ1817 ቪልሄልም ለንደን ሲሾም አብራ አልሄደችም፤ ጤናዋን ምክንያት አድርጋ ከሴት ልጆቿ ጋር ወደ ጣሊያን ተመለሰች፣ እስከ 1819 ቆየች። በዚህ ጊዜ ነው ከቶርቫልድሰን «ተስፋ» የተባለችውን ሐውልት በእብነ በረድ ያዘዘችው። ቪልሄልም በ1819 መጨረሻ ከመንግሥት ሥራ ተሰናብቶ ቴገል ገቡ፤ ቤቱን አርክቴክቱ ሺንከል ከ1820 እስከ 1824 እንደ አዲስ ሠራው፣ ከሮም የሰበሰቡትንም እዚያ አኖሩ።

ሴት ልጇ ጋብሪየለ በ1821 ያገባችው ሃይንሪሽ ፎን ቢውሎን ነው፤ በአባቷ ሥር ለንደን ያገለገለ፣ ኋላም እዚያው የፕሩሲያ ልዑክ የሆነ ሰው። በ1828 ካሮሊነና ቪልሄልም በፓሪስ በኩል ለንደን ድረስ ሄደው ልጃቸውን ባሏ ዘንድ አደረሱ። ካሮሊነ ያኔ ታማ ነበር። መጋቢት 26 ቀን 1829 በርሊን ውስጥ ሞተች። የተቀበረችው በቴገል ግቢ ነው፤ በመቃብሩ ላይ ረጅም የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፣ ጫፉ ላይም «ተስፋ» በቅጂ ተቀምጣለች።